ጋዙ በየት ሄደ?

መጋቢት 4

ሴራሚክ ጫንን። በማለዳ ወጣን። መንገዱ ባዶ፣ ጋቢናው ቀዝቃዛ፣ ባሌ እያወራ።

ባሌ ሁሌም እንዳወራ ነው። ፀጉር ቤት በነበረው ጊዜ ምላጩ አንገቱ ላይ ያለ ደንበኛ ከመስማት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። አሁን ያ ደንበኛ እኔ ነኝ። ፀጉር ቤቱ የነበረበት ሕንፃ ፈረሰና ሰውየው ቤት ዋለ። ግድግዳ ሲያይ፣ የኔን የሽንኩርት አከታተፍ ሲያርም... ከዚያ አንድ ቀን ብድግ ብሎ "የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው፤ ሁለተኛ ሾፌርሽ እሆናለሁ" አለኝ። ሳቅኩበት። አወጣ። ይኸው ከጥቅምት ጀምሮ ቤትም አብረን፣ ጋቢናም አብረን።

መኪናዋ የኔ ናት። ዕድሜዬን ብቻዬን ስነዳት ኖሬያለሁ። ስለዚህ ሜዳው ላይ እሱ፣ ቁልቁለቱ ላይ እኔ። ማን ወሰነው? ማንም። አፋፉ ላይ ስንደርስ ዳር ይይዛል፣ ቦታ እንለዋወጣለን፣ እወርዳለሁ።

ዛሬ ወደ ቆላው ስንገባ ኤሲው ደከም አለብኝ። "ቀኑ ነው የሞቀው" አለ። ይሆናል።

መጋቢት 5

ቀኑ አይደለም። ኤሲው ነው።

ከተበላሸው መንገድ ከወጣን በኋላ የሚነፍሰው አየር እንደ ዳቦ ቤት በር ሆነ። ብናጠፋ፣ ብናበራ፣ ባሌ ዳሽቦርዱን በመዳፉ ቸብ ቸብ ቢያደርገው... ምንም። መስኮት ከፈትን። ሙቀቱ እንዲወጣ የተከፈተ መስኮት አቧራውንና ጩኸቱን አስገባ።

መጀመሪያ እየጮኸ አወራ። ስለ አንድ ደንበኛው፣ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ስልክ ሲደወልለት ሮጦ ወጥቶ ስለቀረ ሰውዬ። "ከዚያስ?" አልኩት። "ምን?" አለኝ። "ከዚያስ?" "አይሰማኝም።" ተወው። መንገድ መንገዱን አየ።

እውነቱን ልናገር... ዝምታው ደስ አለኝ። ከጥቅምት ወዲህ የራሴን ሐሳብ እስከ መጨረሻው አስቤ አላውቅም ነበር። ዛሬ አንድ ሐሳብ ጀምሬ ጨረስኩ። ስለ ጎማ ነበር።

መጋቢት 6

ወደቡ ከተማ። ሴራሚኩን አራግፈን የኤሲ ጋዝ የሚሞላ፣ ጋዝ ሞይ ፈለግን። ማስቲካ የሚያኝክ ጎረምሳ ኮፈኑን እንኳ በወጉ ሳያይ፦

"ማዘር፣ ጋዝ ጎሎ ነው።"

"የት ሄዶ?"

"ይጎላላ።"

"ነዳጅ ነው እንዴ የሚያልቀው?"

"መኪናዋ ቆይታለች ማዘር።"

ባሌ ከጎኔ "እኛም ቆይተናል፤ እኛን ግን ማንም አይሞላንም" አለው። ልጁ አልሳቀም። ሞላ። ጋቢናው በረዶ ሆነ። ባሌ የጢሙን ሰውዬ ታሪክ ካቆመበት ቀጠለ። ሰውዬው ለካ በማግስቱ መጥቶ የግማሹን ብቻ ልክፈል ብሏል።

መጋቢት 8

ሞቃት አየር። እንደገና። ከዚያ የተበላሸ መንገድ ሳንወጣ።

መጋቢት 11

ቤት። ሻወር ውስጥ ቆሜ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ አልወጣሁም።

ከሰዓት እትዬ መጣች። የባሌ ታላቅ እህት ናት። እሷን የወለዷት ሌላ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ አገር ታስተዳድር ነበር፤ አሁን የቤት ዕቃ መደብር ታስተዳድራለች። ወንድሟን አገላብጣ አየችው። ፊቱ ተልጧል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

"ይኼን ልጅ ጥብስ አድርገሽ መለስሽልኝ" አለችኝ።

"ኤሲው ተበላሽቶ ነው እትዬ።"

"መደብሬ ውስጥ ማራገቢያ አለ። ወንበርማ ሞልቷል፣ የምንሸጠው እሱን ነው። ደንበኛ የሚያናግር ሰው አጥቻለሁ። አፉ ለምን በከንቱ ይቀራል?"

ባሌ ሳቀ። እኔን አየ። እኔ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት ጀመርኩ። "እሱ ያውቃል" አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? ትልቅ ሰው ነው፤ ራሱ ያውቃል... ግን እንዲያ ስል ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ምን እንደሆነ አልገባኝም።

መጋቢት 15

ሌላ ጋዝ ሞይ። ይኼኛው እንኳ ኮፈኑን ከፈተ። "ችንጋው ላልቷል" ብሎ የኤሲውን ኮምፕሬሰር የሚያዞረውን ችንጋ ቀየረ፣ ጋዝ ሞላ፣ እጁን ጠረገ። "አሁን አለቀለት።"

አለቀለት ማለት ሁለት ትርጉም እንዳለው የገባኝ ዛሬ ከሰዓት ኤሲው ደግሞ ሲሞት ነው።

መጋቢት 17

ጤና ጣቢያ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ብጽፍ ይሻለኛል።

ሜዳው ላይ ነበርን። እሱ እየነዳ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ የሚገባው አየር ግን ከሞተር የወጣ ይመስላል። ውሃችን ሞቆ አይጠጣም። ማውራት ካቆመ ቆይቷል፤ በጩኸቱ ነው ብዬ ልብ አላልኩም። ምን ልብ እላለሁ፣ ዝምታውን ለምጄዋለሁ... እጄ እንደ ልማዴ የእጅ ፍሬኑ አጠገብ ናት። እሱ ሲነዳ ሁሌም እዚያ ናት።

መኪናዋ ቀስ አለች። ሰው ያየ መስሎኝ ቀና አልኩ። መንገዱ ባዶ ነው። ወደ ቀኝ መንሸራተት ጀመርን። "ምነው?" አልኩት። ዓይኑ ክፍት ነው፣ አያይም። ከዚያ ግንባሩ መሪው ላይ ወደቀ።

መሪውን በአንድ እጄ ያዝኩ። ጎማው አሸዋ ገባ፣ ፍጥነቷ ሞተ፣ ፍሬኑን ሳብኩት። ቆመች። ነገሩ ሁሉ እንዲያ በቀላሉ አለቀ። አንድ ነገር አልገጨን፣ አንድ መስታወት አልተሰነጠቀ። እኔ ግን እንዴት ጎትቼ እንዳወረድኩት አላስታውስም። ከኔ ይከብዳል እኮ። በመኪናዋ ጥላ አስተኝቼ ያንን ሙቅ ውሃ ሁሉ ላዩ ላይ አፈሰስኩት፣ ሸሚዙን ቀደድኩ፣ በሻርፔ አራገብኩ። ስሙን ስጠራ ነበር መሰለኝ።

ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያለው፦ "መኪናዋን ጎዳኋት?"

"ምንም አልሆነችም።"

"እንዳትዋሺኝ።"

ከዚያ አለቀስኩ። ደግነቱ ፊቴ በላብ ርሶ ስለነበር አልታየም።

ጋቢና አስገብቼው እስከዚህ ከተማ ነዳሁ። ነርሷ ግሉኮስ ሰቀለችለት። "ሙቀት ነው የመታው። ትንሽ ብትዘገዩ ሌላ ነገር ነበር" አለችኝ። ሌላ ነገር ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አሁን ተኝቷል። ትንፋሹን ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ።

መጋቢት 18

ነቃ። ነርሷን ፀጉሯ ከኋላ ተዛብቶ መቆረጡን ነገራት። ስለዚህ ድኗል ማለት ነው።

እሷ ስትወጣ ወደ ጣሪያው እያየ "እትዬ ጋ ልግባ መሰለኝ" አለ።

"እሺ" አልኩ።

"እሺ?"

"ያንተ ነገር ነው። እንደሚሻልህ።"

ግሉኮሱ ጠብ... ጠብ... ጠብ።

ለምን እሺ አልኩ? ከሱ በፊት ብቻዬን ስነዳ ምን ጎደለብኝ? ምንም። ዳቦና ሙዝ፣ ራዲዮ፣ የራሴ ሐሳብ። ወደዚያው ነው የምመለሰው። ታዲያ ምን ሆኜ ነው ምሳ ያልበላሁት?

መጋቢት 22

ቤት ነን። እሱ ያርፋል፣ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ይጠይቀዋል፣ በመጡ ቁጥር ታሪኩ ይረዝማል። ዛሬ ጧት አሸዋው ውስጥ ስንገባ ግመል ጨምሮበታል።

እኔ መኪናዋን ይዤ ሄድኩ። ወደ ጋዝ ሞይ አይደለም። በቃኝ ጋዝ ሞይ። ከጎማ ተራው ጀርባ አንድ የኤሲ መካኒክ አለ፤ ሾፌሮች "በረዶ" ይሉታል። በዚህ ሙቀት የሱፍ ኮፍያ ያደርጋል። ለምን ብዬ ብጠይቀው "ቀኑን ሙሉ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው የምሠራው" አለኝ። እየቀለደ ይሁን አይሁን አይታወቅም፣ ፊቱ አይንቀሳቀስም።

"ስንቴ ተሞላ?" አለ።

ነገርኩት።

"እህቴ፣ ጋዝ አይበላም፣ አይቃጠልም። ዝግ ቤት ውስጥ እየዞረ ነው የሚኖረው። ከጎደለ የወጣበት በር አለ ማለት ነው። በሩን ሳይዘጉ መሙላት..." እጁን ወደ ሰማይ በተነ።

ሰው ነው ይኼ። እዚያው ቁልፌን ሰጠሁት።

መጋቢት 23

ቀኑን ሙሉ ጋራዥ። በረዶ ቱቦዎቹን በሙሉ ደረቅ አየር ሞልቶ የግፊት መለኪያ ሰዓቱን ሲያይ ዋለ። ቀስቱ በጣም፣ በጣም ቀስ ብሎ ይወርዳል። የሆነ ቦታ ይወጣል። ግን የት? በሳሙና አረፋ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ቀባ። አረፋ ሲነፋ ማየት ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋ፣ የለም። ከፊት ራዲያተሩ አጠገብ ያለው ጋ፣ የለም። አንድም አረፋ አልነፋም።

"እንግዲህ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ነው" አለ።

"እና?"

"ዳሽቦርዱ ይወርዳላ። መሪው፣ ሽቦው፣ ሁሉም።"

"ስንት ቀን?"

ኮፍያውን አስተካከለ። በረዶ ኮፍያውን ካስተካከለ ነገር ረጅም ነው።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። "ሆዷን ሊቀዱት ነው በይኛ" አለ፤ ከዚያ ቆየት ብሎ "አንቺ ግን ምን ትያለሽ? መኪናዋን የምታውቂያት አንቺ ነሽ።" ምን እላለሁ... ተኝቼም አሰብኩ። ኤሲው ሁለቴም ሦስቴም የሞተው በዚያ በተበላሸ መንገድ ላይ ነው። ቆማ ስታድር ብዙም አይጎድልባትም። ስትንገጫገጭ ነው።

መጋቢት 24

ይኼን ቀን በደንብ ልጻፈው።

ጧት ሄጄ ለበረዶ ነገርኩት። "ዳሽቦርዱን ከመፍታትህ በፊት... ስትንገጫገጭ እንጂ ስትቆም አይመስለኝም የሚወጣው።" ካቻቢቴውን አስቀመጠ። "ይቺን መጀመሪያ ብትነግሪኝ" አለ። መቼ ጠየቀኝ?

ጋቢናውን ወደፊት አዘነበለው። ሞተሩ ተጋለጠ። ኤሲውን ሳንከፍት ሞተሩን ብቻ አስነሳን፣ ከሞተሩ ጎን ቆሜ በእጄ ነዳጅ ሰጠሁት፣ ነዘረ። በረዶ በሳሙናው ይቀባል፣ ያያል፣ ይቀባል። ምንም የለም። "አንድ የማላየው ጎን አለ" ይላል እያጉረመረመ።

በዚህ መሀል ባሌ ምሳ ይዞ መጣ። ተኛ ብዬው ነበር። "ቤት ውስጥ የሚጠይቀኝ ሰው አለቀ" አለኝ። ወዲያው ከበረዶ ጋር ተዋወቀ፣ ኮፍያውን አስወልቆ ፀጉሩን አየ፣ ምክር ሰጠ። ከዚያ ሞተሩን አስጠፍቶኝ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ከሞተሩ ኋላ ሰደደ። ቱቦዎቹን በጣቱ ጫፍ ይዳስሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ጢም ላጭቶ እንደጨረሰ አገጭ ሲዳስስ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፤ የቀረች ፀጉር ካለች ጣቱ ያገኛታል።

"እዚህ ጋ ቅባት አለ" አለ።

"ሞተር ነው፣ ሁሉም ቦታ ቅባት አለ" አለው በረዶ።

"አይ፣ ይኼ እርጥብ ነው። አቧራ የያዘ። ሌላው ደረቅ ነው።"

በረዶ እጁን ሰደደ። ዳሰሰ። ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። "ከጋዙ ጋር ዘይት ይዞራል። ጋዙ ሲወጣ ዘይቱን እዚያው ይጥለዋል" አለኝ። ጎማ ቱቦው ከኮምፕሬሰሩ ተነስቶ በሞተሩ ኋላ አድርጎ ወደፊት ይሄዳል፤ ቅባቱ ያለው ከኋላው በኩል ነው፣ ቱቦው አንድ ብረት በተደገፈበት። ጭንቅላት አይገባ፣ ዓይን አይደርስ።

"መስታወት ቢኖር..." አለ በረዶ።

ባሌ የለም። ዞር ስል ባጃጅ ይዞ ሲሄድ አየሁት። ሲመለስ እጁ ላይ ያ እጀታ ያለው ክብ መስታወት፣ ቆርጦ ሲጨርስ ለደንበኛ ማጅራቱን የሚያሳይበት። የፀጉር ቤቱን ዕቃ ሁሉ ሸጦ እሱን ብቻ አልጋ ሥር እንዳስቀመጠ አላውቅም ነበር። ከቱቦው ኋላ አስገባው፣ ዘንበል አደረገው፣ በረዶ ባትሪ አበራ።

"ከኋላ ይመችሃል ጌታዬ?" አለ ባሌ ለቱቦው።

ሦስታችንም ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭተን አየን። ቱቦው ብረቱ ላይ ሲፋተግ፣ ሲፋተግ ኖሮ ጎማው ተበልቶ ውስጡ ያለው ክር ወጥቷል። እኔ ሞተሩን አስነስቼ ነዳጅ ሰጠሁ፣ ነዘረ፣ ቱቦው ብረቱ ላይ ተሻሸ... አረፋ። ትንሽ፣ ነጭ። ነፋ፣ ፈነዳ፣ እንደገና ነፋ። ነዳጁን ስለቀው ቀጥ አለ፤ ስንጥቁ ተዘጋ።

"ለዚህ ነው ቆማ የማይታየው" አለ በረዶ። ቱቦውን ከብረቱ የሚያርቀው ማሰሪያ ነበረው፤ ማሰሪያው አለ፣ በውስጡ የነበረው ላስቲክ ግን ወድቋል። መቼ ወደቀ? ማን ያውቃል። አንድ ጊዜ ሞተር ስናሠራ ይሆናል። አውራ ጣት የምታህል ላስቲክ...

በረዶ ዳሽቦርዱን ስላልፈታ ቅር ያለው መስሎኝ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ ወንበር ላይ ተቀመጠና "በሉ ምሳውን አምጡት" አለ።

ባሌ መስታወቱን በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል አየሁት። ቀስ ብሎ፣ ዙሪያውን።

መጋቢት 26

አዲስ ቱቦ። በረዶ አሮጌውን ፈትቶ፣ ለክቶ፣ አዲስ ጎማ ቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉን በመጭመቂያ ማሽን ገጠመው። መጋጠሚያዎቹ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ የላስቲክ ቀለበቶች በሙሉ ቀየረ፤ "አሮጌ ቀለበት ከአዲስ ቱቦ ጋር አይጋባም" ይላል። እርጥበት የሚመጠውንም ጣሳ ቀየረ። ከዚያ የውስጡን አየር ሁሉ መጦ አወጣና ሰዓቱን ትቶት ሻይ ሄድን። ስንመለስ ቀስቱ አልተነቃነቀም። ከቦታው። ዝንብ ያረፈችበት ያህል እንኳ።

ዘይት፣ ጋዝ። ማሰሪያው ላይ ባሌ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ድርብ አድርጎ ጠቀለለበት። በረዶ ቱቦውን ከብረቱ በጣት ያህል አርቆ አሰረው። ሞተር አስነሳን፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ መስታወቱን አስገብተን አየን። አይነካካም።

ኤሲውን ከፈትኩ። ባሌ መነጽሩን አድርጎ ከማራገቢያው ፊት ተቀመጠ፤ መነጽሩ ጭጋግ ለበሰ። "አላይም" አለ። "ደስ ይላል፣ ምንም አላይም።"

መጋቢት 27

እትዬ ሰዓት ጠብቃ መጣች። "በል፣ ሰኞ ትጀምራለህ። ሸሚዝ ገዝቼልሃለሁ።"

ባሌ ወደኔ አየ። እኔ ወደ ሸሚዙ አየሁ። ጥሩ ሸሚዝ ነው፣ ሰማያዊ።

"ኤሲው ተሠርቷል እትዬ" አልኩ።

"ይመችሽ። አንቺ ቀዝቃዛ ጋቢና፣ እሱ ቀዝቃዛ መደብር።"

ስትሄድ ሁለታችን ቀረን። ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ። እሱ ማድረቅ ጀመረ።

"እንድቀር ትፈልጊያለሽ ወይስ እንድመጣ?"

"አንተ እንደፈለግህ አልኩህ እኮ።"

"እሱን ሰምቻለሁ። ሦስቴ። እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነው።"

"ሙቀቱን ፈርተህ ነው ብዬ..."

"ሙቀቱን?" ሰሃኑን አስቀመጠ። "ሙቀቱ ምን አደረገኝ። እኔን የሚከብደኝ ያቺ እጅሽ ናት። በነዳሁ ቁጥር ፍሬኑ ላይ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ። ሰው እንደዚያ እያየው እንዴት ይነዳል? ምላጭ ይዤ ሰው አጠገቤ ቆሞ እጄን ቢጠብቅ አንድ ጢም ባልላጨሁ።"

አፌ ላይ የመጣው፦ "ያቺ እጅ ባትኖር ዛሬ የት ነበርን?"

አልኩትም። አንገቱን ነቀነቀ። "ልክ ነሽ" አለ። ፎጣውን አጥፎ ሰቀለና ወጣ።

ልክ ነኝ። ታዲያ እሱ ያደረቀውን ሰሃን ለምን መልሼ አጠብኩት?

መጋቢት 28

ቀኑን ሙሉ አላወራም። ቤቱ እንዲህ ትልቅ ነበር እንዴ?

መጋቢት 29

መኪናዋን ስናጥብ... አይ፣ እኔ ሳጥብ፣ እሱ መጥቶ ባልዲ ያዘ። ሳልዘጋጅ ወጣብኝ። "ያን ቀን ታመህ ነው እንጂ መንዳት ስላቃተህ አይደለም። ሁለቱን አንድ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።"

ብሩሽ አንስቶ ጎማ ማሸት ጀመረ።

"ሰኞ ብርድ ልብስ ጭነን እንወጣለን። ቁልቁለቱን አንተ ታወርዳታለህ።"

ብሩሹ ቆመ። "ማን?"

"አንተ። እና... እንድትመጣ እፈልጋለሁ። አሁን ጠየቅከኝ አይደል? መልሱ እሱ ነው።"

ጎማውን ማሸት ቀጠለ። ያንኑ ጎማ፣ እስኪያበራ ድረስ። ከዚያ "ብርድ ልብስ፣ ለቆላ?" አለ። "ማን ነው የሚገዛው?" እና ማውራት ጀመረ። ስለ አንድ ብርድ ልብስ ነጋዴ ደንበኛው።

እትዬን ራሱ ደወለላት። ከሩቅ ድምጿ ይሰማ ነበር። ሸሚዙን ግን እንድንመልስ አልፈለገችም።

ሚያዝያ 2

አፋፉ ላይ ዳር ያዘ። ልማድ ነው። መኪናዋ ቆመች፣ ሞተሩ ይሠራል። እጁን ወደ በሩ እጀታ ሰደደ።

"የት ትሄዳለህ?" አልኩት።

"ኦ" አለ። ተመልሶ ተቀመጠ። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። መስታወቶቹን አስተካከለ፣ ተስተካክለው ነበር። ማርሹን ዝቅ አደረገና ወረደ።

እጆቼን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። እግሬን ግን ምን ላድርገው? ወለሉን ስረግጥ ወረድኩ፣ እዚያ ፍሬን የለም። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀደም ብሎ መሪውን አዞረው። ሁለተኛው ላይ ልክ ነበር። መስኮቱ ዝግ፣ ጋቢናው ቀዝቃዛ፣ እሱ ጭጭ። እኔ ዝምታው አስጨነቀኝ መሰለኝ ማውራት ጀመርኩ። ስለ ጎረቤታችን ውሻ፣ ስለ እትዬ ሸሚዝ፣ ስለ በረዶ ኮፍያ... አላቆምም። አንዱን ሳልጨርስ አንዱን።

"የኔ እመቤት" አለ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ "እየነዳሁ ነው።"

አፌን ያዝኩ። ከዚያ ሳቅ መጣብኝ። እሱም ሳቀ፣ ግን መንገዱን እያየ። ታች ስንደርስ ላቡ በግንባሩ ይወርድ ነበር። በቀዝቃዛው ጋቢና።

ሚያዝያ 3

የተበላሸውን መንገድ አለፍነው። ቀዝቃዛ። ወደብ ደረስን። ቀዝቃዛ። ባሌ ለዚያ ማስቲካ ለሚያኝክ ልጅ በመስኮት እጁን አውለበለበለት። ልጁም አውለበለበ፣ ለምን እንደሆነ ባያውቅም።

ብርድ ልብሱን የሚገዛ ሰው ለካ አለ። ኤሲ ያላቸው ሆቴሎች።

ሚያዝያ 9

በረዶ ጋ ጎራ አልን፣ ለማየት ብቻ። ቀስቱ ከቦታው። ፀጉሩን አሳጥሮታል፣ ኮፍያው ሰፍቶት ዓይኑ ላይ ይወርዳል። ባሌ ዙሪያውን አየውና "ማን ነው የቆረጠህ?" አለው። ጋራዡ ውስጥ ወንበር ተፈለገ። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኋቸው።

ሚያዝያ 15

ፊደሎቼ ተጣመዋል። እየሄድን ስለሆነ ነው። ከዚህ በፊት መኪናዋ እየሄደች ጽፌ አላውቅም።

ሲሚንቶ ነው የጫንነው። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው። ባሌ እያወራ ነው፤ አሁን እየነዳም ማውራት ጀምሯል፣ መታጠፊያ ሲመጣ ቃሉን መሀል ላይ ያቆመውና ሲያልፍ ከዚያው ይቀጥላል። ስለ አንዲት ሙሽራ ነው የሚያወራው፣ በሠርጓ ዕለት ጧት ፀጉሯን ቁረጥልኝ ብላ መጥታ እሱ እምቢ ስላላት። "እናቷ ከውጭ ትጮሃለች፣ እሷ ከውስጥ..." ታጠፈ። "...እሷ ከውስጥ በሩን ቆልፋለች።"

"ቆረጥክላት?"

"ትዕግሥት ይኑርሽ። ምንድን ነው የምትጽፊው?"

"ምንም። የመንገድ ነገር።"

"መንገዱን ሳታዪ?"

ቀና አልኩ። ጆሮዬ ተደፍኖ ነበር፣ አሁን ነው የተከፈተልኝ። በሁለታችን ፊት ቀጥ ያለው ሜዳ ተዘርግቷል። ወደ ኋላ መስታወቱ ሳይ ተራራው ከኋላችን ቀርቷል።

ቁልቁለቱ አልቋል። አላየሁትም።